የጥበብ ቤት መሪዎች በእኩልነት ስም የሚሠሯቸው ስህተቶች

ለአዳዲስ የቲያትር ቤት ኃላፊዎች፣ ለፊልም ፕሮዲዩሰሮችና ለባህል ቡድን መሪዎች ሥልጠና እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ከመድረክ ጀርባ ሠርቻለሁ። ሥልጠናው ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ሥራቸውን ይወዳሉ፤ በትንሽ በጀት ትልቅ ነገር ይሠራሉ። የእኩልነትና የብዝኃነት ነገር ሲነሳ ግን መድረኩን ያያሉ፣ ቢሮውን አያዩም። ማን ጨፈረ፣ ማን ተወነ የሚለውን ይቆጥራሉ። ማን ወሰነ፣ ለማን ስንት ተከፈለ የሚለው አይነሳም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ጭፈራ አቅርቦ «ብዝኃነት አለን» ማለት

ይሄኛው አንጀቴን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኅዳር 29፣ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ሲቃረብ ስልክ ይደወላል። «ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶናል፤ አስር ብሔረሰብ ማስገባት እንፈልጋለን» ይላሉ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል ማለት ነው። ልብስ መቀየሪያውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ጭፈራው ይፈጥናል፣ ዜማው በኪቦርድ ይታጀባል፣ ተወዛዋዡ በሙሉ በሰልፍ ቆሞ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞራል። ብዙዎቹ የገጠር ጭፈራዎች ግን በክብ ነው የሚጨፈሩት። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የመጣ ሁሉ ይገባበታል። የሠርግ አለ፣ የአዝመራ አለ፣ የለቅሶ አለ። የለቅሶውን ዝላይ ለምርት ማስተዋወቂያ ድግስ ሲያቀርቡት አይቻለሁ። ከቡድኑ ውስጥ የለቅሶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ልምምድ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ የጋሞን ጭፈራ ይሠራሉ። ዱንጉዛው፣ የጋሞ ባህላዊ ልብስ፣ ከሽሮ ሜዳ ተገዝቷል፤ ያምራል። አሠልጣኙ እርምጃውን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ቪዲዮው ራሱ የሌላ የአዲስ አበባ ቡድን ትርኢት ነበር። በሩ ላይ የግቢው ጥበቃ ቆመው ያያሉ። ትውልዳቸው ጨንቻ፣ እዚያው ጋሞ ነው። ግቢው ውስጥ ሁሉም ይህን ያውቃል። አሠልጣኙን «ጋሼን ለምን አትጠይቃቸውም?» አልኩት። ሃሳቡ ጨርሶ አልመጣለትም ነበር። ሰውየው ሲጠየቁ መጀመሪያ አፈሩ። ቀጥለው ጫማቸውን አወለቁና ወለሉ ላይ ወጡ። «የለም ልጄ፣ መጀመሪያ ዘፈኑ ነው። እግሩ ዘፈኑን ነው የሚጠብቀው» አሉት። ራሳቸው አወጡ፣ ልጆቹ ተቀበሉ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ጭፈራው ሌላ ሆነ። ትርኢቱ ሲቀርብ ግን ፖስተሩ ላይ የአሠልጣኙ ስም ብቻ ነበር። ለጋሼ አምስት ሳንቲም አልተከፈላቸውም። ያስተማሩት እሳቸው ሆነው እንደ እርዳታ ተቆጠረ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ላይ ባህሉን የመግለጽና የማዳበር መብት የሚሰጠው ለራሱ ለባለ ባህሉ ነው። እናንተ መድረክ ስላላችሁ መብቱ ወደ እናንተ አይዞርም። ስለዚህ አስሩን ወደ ሦስት አውርዱ። ለእያንዳንዱ በቂ ጊዜ ስጡ። ከቦታው የመጣ ሰው አምጡ፣ እንደ አሠልጣኝ ክፈሉት፣ ስሙን ፖስተር ላይ ጻፉ። «ይሄ ለመድረክ አይወጣም» ካለ ደግሞ አታውጡት። ይሄን ለማስረዳት ዓመት በዓመት ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ ዘንድሮም ያው አስር ብሔረሰብ በሃያ ደቂቃ ይመጣል።

«ተመልካች የለውም»

ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም ተመሠረተ፤ ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም ተከፈተ። የነዚህ ቤቶች መድረክ አብዛኛውን ዕድሜውን በአማርኛ ነው የኖረው። አሁን አንዳንድ መሪዎች በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ተውኔት ያስገባሉ። ጥሩ ነው። አስገብተው ምን እንደሚያደርጉት ግን እዩ። አንድ የማውቀው ቤት የአፋን ኦሮሞ ተውኔት ለማክሰኞ መደበ። ሰው ከሥራ ሳይወጣ መጋረጃው ይከፈታል። ፖስተሩ የተጻፈው በአማርኛ ብቻ ነበር። በሬዲዮ አልተነገረም። ትኬት ቆራጯ አንድም ቃል አፋን ኦሮሞ አታውቅም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ሞክረን ነበር፣ ተመልካች የለውም» ተብሎ ወረደ። ያ ውሳኔ ፋይል ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ጸሐፊ ሲመጣ መልስ ይሆነዋል።

ለአማርኛው ተውኔት የሰጣችሁትን ቀን፣ ሰዓትና የማስታወቂያ ገንዘብ ስጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ተመልካች እንነጋገራለን።

ሴቶችን ለሴቶች ቀን (ለየካቲት 29) ማስቀመጥ

በድሮው መድረክ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እነ አስናቀች ወርቁ ያን ሰብረው ሲወጡ የደረሰባቸው ስድብና ስም ማጥፋት ቀላል አልነበረም። ዛሬ ተዋናይት ሞልታለች። ዳይሬክተር፣ የመብራት ባለሙያ፣ የተውኔት ገምጋሚ፣ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሲባል ግን ጣት አይሞላም። የሴት ጸሐፊን ሥራ ከመሳቢያ የሚያወጡት የካቲት 29 ሲደርስ ነው። በማግስቱ ይመለሳል።

የልምምድ ሰዓትንም ተመልከቱ። ማታ 12 ሰዓት ተጀምሮ ሦስት ሰዓት የሚያልቅ ልምምድ ልጅ ያላትንና ቤቷ ሩቅ የሆነውን ያስወጣል። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። «ፍላጎት የላትም» ይባላል። የመጓጓዣ ገንዘብ መድቡ፣ ወይም ሰዓቱን ወደ ቀን አምጡት። የወለደችን ተዋናይትም ሚናዋን ለሌላ ሰጥታችሁ አትጠብቋት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ስትመለስ የምትመለስበት ሥራ ሊኖር ይገባል።

ቅሬታን ተከሳሹ ራሱ እንዲሰማው ማድረግ

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። አንዲት ተዋናይት ለካስቲንግ፣ ለሚና መረጣ፣ ትጠራለች። ቦታው ሆቴል ወይም የዳይሬክተሩ ቤት ነው፤ ሰዓቱ ምሽት። እምቢ ካለች ሚናው የለም። ሄዳ አንድ ነገር ከደረሰባት አቤት የምትለው ለማን ነው? ፕሮዲዩሰሩ የዳይሬክተሩ ጓደኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። በቃል ተስማምታ የምትሠራ ተዋናይት ግን እጇ ላይ ወረቀት የላትም።

መሪ ከሆናችሁ እነዚህን አድርጉ። ካስቲንግ በቀን፣ በቢሮ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ባለበት ይሁን፤ አንዷ ሴት ትሁን። ለአጭር ሚናም ቢሆን የጽሑፍ ውል ይኑር። ቅሬታ የሚቀበል ሰው ከዳይሬክተሩም ከፕሮዲዩሰሩም ውጪ ይሁን፤ ስልኩ ልምምድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል መሪ ሲገጥመኝ፣ ካለ የሚነገረው በየት በኩል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

የሥራ ቦታን በትውውቅ መሙላት

ማስታወቂያ ካላወጣችሁ የሚመጣው ሰፈራችሁና ጓደኞቻችሁ ናቸው።

አካል ጉዳተኛውን ከተመልካች ወንበር አለማሳለፍ

መግቢያው ላይ ራምፕ ይሠሩና ፎቶ ይነሳሉ። ወደ መድረኩ የሚወስደው ግን አሁንም ደረጃ ነው። የልብስ መቀየሪያው ምድር ቤት፣ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ። ስለዚህ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሊያይ ይችላል፤ ሊተውን፣ ሊያዘጋጅ፣ ሊመራ አይችልም። ዓይነ ስውር ሲተወን የሚያይ ተዋናይ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ ሚናውም አብዛኛውን ጊዜ ለማኝ ነው።

አይቻልም እንዳትሉ አዱኛን አስታውሱ። አዱኛ የዳንስ ቡድን የተነሳው ከአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች ነው፤ ከዚያ አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ማየት የሚፈልግ ሰው ዳንሱን እንጂ ጉዳቱን አያይም ነበር። የምልክት ቋንቋም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያስተምረው ሙያ ነው። ተርጓሚ የለም የሚባለው ካልተፈለገ ብቻ ነው።

ሸማኔውን ከሥራው መለየት

ይሄ ለፋሽን ሰዎች ነው። ለባሿ ሞዴል ትባላለች፣ ሰፊው ዲዛይነር ይባላል፣ ጥበቡን የጣለው ሸማኔ ስም የለውም። ብዙ ጊዜ ጥለቱን ያሰበው እሱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም ንቀቱ ዋጋው ላይ አለ። ልብሱ በምን ያህል እንደተሸጠ ለሸማኔው ንገሩት፤ ክፍያውን ከዚያ ተነስታችሁ ተነጋገሩ።

አንድን ሰው የብሔሩ ቃል አቀባይ ማድረግ

ስብሰባ ላይ «አንተ ከዚያ ነህና እነሱ ምን ይላሉ?» አትበሉ። የተቀጠረው ለሙያው ነው።

ደሞዝ መክፈያውን አለማየት

ሥልጠናው ላይ የመጨረሻ ቀን የክፍያ ዝርዝራቸውን ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ። ሰው የማይወደው ክፍል ነው። ስሞቹን ሸፍነው ሥራውንና ገንዘቡን ብቻ ያያሉ። ተመሳሳይ ሚና የተጫወቱ ወንድና ሴት ስንት ስንት አገኙ? ከክልል የመጣው ሙዚቀኛ አበል ተከፈለው ወይስ «ልምድ ያገኛል» ተባለ? በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የተሰረዘው የማን መስመር ነው? ልዩነቱ ከታየ በኋላ ከሦስት ወር በላይ አትጠብቁ። በሚቀጥለው ውል ላይ አስተካክሉት፤ ያስተካከላችሁትንም ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቁት።