«ኬ» የሚባል ስልክ የለም፦ የስልክ ሞዴል አመዘጋገብን በሰነድ ማስፈር

ጅማ ላይ ለቡና አቅራቢዎች አፕ የምንሠራ ጥቂት ልጆች ነን። አንድ ቀን የአጠቃቀም ሪፖርታችንን ስንከፍት አንደኛ የወጣው ስልክ «ኬ» ይላል። ኬ ደግሞ የምን ስልክ ነው? አንዱ ልጅ ሂርማታ ገበያ ወርዶ የስልክ ሱቆችን ጠየቀ፤ ሳቁበት። ለካ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ለድረ ገጾች በሚልከው ዩዘር ኤጀንት (አሳሹና ስልኩ ምን እንደሆኑ የሚናገር መስመር) ውስጥ እውነተኛውን ሞዴል ደብቆ ለሁሉም ስልክ «ኬ» ብሎ ነው የሚጽፈው፣ የተጠቃሚውን ግላዊነት ለመጠበቅ። የአፓችን የዌብ ቅጂ ደግሞ ያንን ሲለቅም ከርሟል። ይህን የሚነግረን አንድ መስመር ሰነድ አልነበረንም።

ስለዚህ ሰነዳችሁን ከዚህ ጀምሩ፦ ሞዴሉ ከየት ተነበበ? አንድሮይድ አፕ ከሆነ «ቢልድ» ከሚባለው ክላስ ነው። እዚያ ውስጥ ግን ማኑፋክቸረር፣ ብራንድ፣ ሞዴልና ዲቫይስ ለየብቻ አሉ፤ የትኛውን እንደወሰዳችሁ በስሙ ጻፉ። «የስልኩን ስም እንመዘግባለን» ብሎ መጻፍ አለመጻፍ ነው።

ከዚያ ምሳሌ አስገቡ። ሰው «ጋላክሲ ኤ12» የሚለው ስልክ ለአፑ «ኤስኤም-ኤ125ኤፍ» ሊሆን ይችላል። አይፎን ይብሳል፤ «አይፎን14,5» ብሎ የሚመጣው አይፎን 13 ነው። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ዳታቤዙ ውስጥ የመጣውን እንደመጣ አስቀምጡ፣ የገበያ ስሙን የሚፈታው ሰንጠረዥ ለብቻው ይሁን፣ መቼ እንደታደሰም ይጻፍበት። አንዴ ቀይራችሁ ካስገባችሁ አለቀ፣ የተቆላ ቡና ጥሬ አይሆንም።

መቼ እንደሚነበብም ጻፉ። አፑ ሲጫን አንዴ ብቻ አንብቦ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ሰውየው ስልክ ቀይሮ ከባክአፕ ሲመልስ አሮጌው ሞዴል አብሮት ሊመጣ ይችላል። ባዶ ሆኖ የመጣውንም ለዩት፦ ማንበብ አቅቶን ነው ወይስ ተጠቃሚው አልልክም ብሎ? ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ስትሞክሩ የሚመጣውን «አርም64» ከእውነተኛ ስልክ ጋር አትደምሩት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሞዴሉን ከከተማ ስም ጋር አብራችሁ የምትመዘግቡ ከሆነ፣ አጋሮ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ስልክ ባለቤቱን ያሳብቃል። እንዲህ ብርቅ የሆኑትን «ሌላ» ውስጥ ክተቱ፣ ከስንት በታች ሲሆን እንደሆነም ቁጥሩን ጻፉ።

ሰነዱ ከኮዱ ጎን ይቀመጥ፤ ኮዱን የነካ ሰው ሰነዱንም ይንካ። የእኛው አሁን «ኬ» ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከክሮም ዩዘር ኤጀንት የመጣ። ሞዴል አይደለም፣ ያልታወቀ በሉት። ሂርማታም አትሂዱ።»