የጫጩት ቤት ሙቀት በትንሽ ስክሪን

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። እጅን ሰደድ አድርጎ «ይሞቃል» ማለት አያዋጣም። ቁጥሩን በዓይን ለማየት ደግሞ አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይበቃል።

ከቦርዱ ሌላ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን ውሃ የማያስገባ የሙቀት ሴንሰር፣ አራት ፒን (የመሰኪያ እግር) ያለው 0.96 ኢንች ኦሌድ ስክሪን፣ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) እና ሽቦ ያዙ።

ከሴንሰሩ ጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት ላይ፣ ጥቁሩ ግራውንድ (ቦርዱ ላይ GND የተጻፈበት) ላይ፣ ቢጫው ፒን 2 ላይ ይገባል። ሬዚስተሩ ቀዩንና ቢጫውን ያገናኛል። «ያለሱም ይሠራል» ብዬ ዘልዬው ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ከዜሮ በታች 127 ካነበባችሁ ብርዱ አይደለም፤ ቦርዱ ሴንሰሩን አላገኘውም ማለት ነው።

ስክሪኑ ላይ ኤስዲኤ (SDA) የሚለው ፒን ወደ ቦርዱ ኤ4፣ ኤስሲኤል (SCL) የሚለው ወደ ኤ5 ይሄዳል። የኃይልና የግራውንድ ፒኖቹ ቦታ ከስክሪን ስክሪን ስለሚለያይ ፒኖቹ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ።

አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የአርዱይኖ ፕሮግራም የዋን ዋየር፣ የዳላስ ቴምፕሬቸርና የአዳፍሩት ኤስኤስዲ1306 ላይብረሪዎችን (ዝግጁ የኮድ ስብስቦችን) ጫኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሴንሰሩ፣ የመጨረሻው ለስክሪኑ ነው። ሴንሰሩንና ስክሪኑን በአንዴ አትሞክሩ። መጀመሪያ የዳላስን «ሲምፕል» ምሳሌ አስኪዱና ቁጥሩን ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከው ጽሑፍ የሚታይበት መስኮት) ላይ እዩ። ከዚያ የስክሪኑን ምሳሌ። ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ኮዱ ውስጥ ያለውን የስክሪኑን አድራሻ የመጨረሻ ፊደል ከዲ ወደ ሲ (ከ0x3D ወደ 0x3C) ቀይሩት፤ ርካሾቹ ስክሪኖች በብዛት ሲ ናቸው።

ሁለቱም ከሠሩ ኮዱን አዋህዱ፤ ሙቀቱን ጠይቅ፣ ስክሪኑን አጽዳ፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ አሳይ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቅ። ማጽዳቱ ከተረሳ ቁጥር በቁጥር ላይ ይደራረባል። የመጨረሻው የ«አሳይ» ትእዛዝ ከተረሳ ደግሞ ምንም አይታይም። ኃይል እንዳገኘ 85 ቢል አትደንግጡ፤ ሴንሰሩ ገና አልለካም። ሙሉ ልኬት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል።

ልክነቱን በረዶ በሞላበት ውሃ ፈትሹ፤ ዜሮ አካባቢ፣ ግማሽ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ደህና ነው። በፈላ ውሃ ግን 100 አትጠብቁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደህናውን ሴንሰር እንዳትጥሉት።

ሴንሰሩ ሲሰቀል ማሞቂያ አምፖሉ ሥር ሳይሆን በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ላይ ይሁን።