የድሮዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ምንጣፏ ሲርስ፣ ላሜራዋ ሲዝግ፣ መስታወቷ ሲንቀራፈፍ

የምናወራው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 ስለተመረተችው፣ የፊት መብራቷ ከኮፈኑ ብድግ ስለሚለው የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ነው። ሞተሯ ጎበዝ ነው፣ በቀላሉ አይከዳችሁም። ባለቤቷን የሚያንገበግቡት ትናንሾቹ ነገሮች ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ መውጫ ካጣ ውሃ ይጀምራሉ። ስለዚህ ቀለምና ስቱኮ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው በየት ገብቶ የት እንደቀረ እወቁ።

ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ምንጣፍ ረጥቧል

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የሸራውን ጣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሸራው ንጹህ ነው። ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ ከኋላ፣ ሸራው ከላሜራው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ባለ አሸንዳ ይሰበሰባል። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ የወንበር ቀበቶው ከተተከለበት አጠገብ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦ ይወርድና ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ ይፈሳል። ቀዳዳው በቅጠል፣ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል።

ፍተሻው ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ ቀዳዳው ውስጥ አፍስሱ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከታች ይይ። ወዲያው ከፈሰሰ ያ ጎን ሰላም ነው። ከዘገየ፣ ጠብ ጠብ ካለ ወይም ጭራሽ ካልወጣ ተደፍኗል ማለት ነው። ሁለቱንም ጎን ለየብቻ ሞክሩ፣ አንዱ ክፍት ሆኖ ሌላው ሊዘጋ ይችላል።

ለመክፈት ለስላሳ ነገር ተጠቀሙ። የሳር ማጨጃ ናይሎን ክር ጥሩ ነው፤ ጫፉን በእሳት አለስልሳችሁ አድቦልቡሉትና ከላይም ከታችም እያስገባችሁ አንቀሳቅሱት። ሽቦ አታስገቡ። ቱቦው ፕላስቲክ ነው፣ ሽቦ ይበሳዋል። ከላይ በኃይለኛ አየር መንፋትም ቱቦውን ከቦታው ሊያስለቅቀው ይችላል። የተበሳ ወይም የተነቀለ ቱቦ ከተደፈነው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ውሃው ሳይታይ በቀጥታ ከበሩ ሥር ወዳለው ባዶ ላሜራ ይገባል።

ከከፈታችሁ በኋላ ምንጣፉን አትርሱ። ላዩን በእጃችሁ ስትዳስሱት ደረቅ ነው፤ በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት ግን ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ውሃ ይተፋል። ወንበሮቹን ፈታችሁ፣ ምንጣፉንም ስፖንጁንም አውጥታችሁ አየር ላይ አድርቁ። እዚያው ተዘርግቶ ይደርቃል ብላችሁ ከተዋችሁት ወለሉ ከሥር ይዝጋል።

የረጠበው የፊት ለፊቱ፣ እግር የሚያርፍበት ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። አንድም ከንፋስ መከላከያው መስታወት ጎንና ጎን ያለው ጎሚኒ ደርቋል፣ አንድም የሸራው መቆለፊያ ላልቷል። ቁራጭ ወረቀት በበሩ መስታወትና በጎሚኒው መሃል አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ውሃውም በዚያው ይገባል። እርጥበቱ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ዝናብ አይደለም፤ የማሞቂያዋ ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው።

ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ቀለሙ አረፋ አወጣ

የዚህች መኪና ደካማ ጎን ይሄ ነው። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበላ፣ ትንሽ አረፋ ስታዩ ከጀርባው ብዙ ሥራ ተሠርቷል። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ በጣታችሁም ተጫኑት። ጠንካራ ከሆነ እስከ ንጹህ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ የዝገት መከላከያ ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። ከሰመጠ ወይም ከተበሳ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። እባካችሁ ላዩን በስቱኮ አትሸፍኑት። ለጊዜው ያምራል፣ ዝገቱ ግን ከሥር መብላቱን አያቆምም። የትኛውንም ብታደርጉ ቅድም ያልናቸው ቀዳዳዎች መጀመሪያ ይከፈቱ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ባዶው ላሜራ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም አስረጩበት።

የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ውሃ አለ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሦስተኛው ፍሬን መብራት ወይም የኋላ መብራቶቹ ጓርኒሲዮን (ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) ነው። ደረቅ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ከውጭ በጎማ ውሃ ልቀቁበትና የትኛው ጥግ እንደረጠበ እዩ። ጓርኒሲዮኑ ርካሽ ነው፣ ቀይሩት።

እግረ መንገዳችሁን ባትሪውን እዩ። የዚህች መኪና ባትሪ ያለው ከኋላ፣ በቀኝ በኩል ነው፤ ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎችም አሉት። ቱቦ የማይገጠምለት ተራ ባትሪ ካስቀመጣችሁ የአሲዱ ትነት ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ይበላዋል። ነጭ ዱቄት ወይም የተላጠ ቀለም ካያችሁ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አድርቃችሁ ቀቡት፣ ትክክለኛውን ባትሪ አስገቡ።

የበሩ መስታወት ይንቀራፈፋል ወይም ይንኳኳል

ከተንቀራፈፈ የደረቀ ግራሶ ነው። ካንኳኳ መስታወቱን የሚይዙት ትናንሽ ፕላስቲኮች ተሰባብረዋል። በሩ ውስጥ ያለው የመስታወቱ ሞተር እየጮኸ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ገመዱ ተበጥሷል። ዝም ካለ ፊዩዙንና ማብሪያውን ፈትሹ። የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታችሁ አሮጌውን ግራሶ አጽዱ፣ አዲስ ቀቡ፣ ፕላስቲኮቹን ቀይሩ።

ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈውን ላስቲክ ግን አትጣሉት። በመስታወቱ በኩል በር ውስጥ የገባውን ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳያልፍ የሚያግደው እሱ ነው። ሲነሳ በጥንቃቄ ላጡት፣ ሲመለስ ዙሪያውን በደንብ አጣብቁት። የበሩ ግርጌ ላይ ያሉትንም ቀዳዳዎች በዚያው አጽዱ።

አንዱ የፊት መብራት ብቻ አልነሳም አለ

ሁለቱም ካልተነሱ ከፊዩዙ ጀምሩ። አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ የራሱ ሞተር ወይም ሶኬቱ ላይ ነው። ለጊዜው ኮፈኑን ክፈቱና በመብራቱ ሞተር ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን አንሱ፤ ከሥሯ ያለውን ማዞሪያ በእጅ ስታዞሩት መብራቱ ይነሳል። ከዚያ በፊት ፊዩዙን ንቀሉ፤ እጃችሁ እዚያ እያለ ሞተሩ በድንገት ቢነሳ ጣት ይጎዳል።

የሸራው የኋላ ፕላስቲክ መስኮት ደበዘዘ፣ ተሰነጠቀ

ከደበዘዘ በፕላስቲክ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ይመለሳል፤ የመስታወት ማጽጃ ኬሚካል ግን አትጠቀሙ። የሚሰነጠቀው ሳይከፈት ሲታጠፍ ነው። ሸራውን ከማውረዳችሁ በፊት ሁልጊዜ ዚፑን ክፈቱና መስኮቱን ጠፍጣፋ አስተኙት። ብርድ ከሆነ ፕላስቲኩ ስለሚደርቅ ጨርሶ አትጠፉት። አንዴ ከተሰነጠቀ ሙጫ አይይዘውም፣ መስኮቱን ማስቀየር ነው።