ኦርኪድ በድሬዳዋ እንዴት ይያዛል

ድሬ ላይ ኦርኪድን የሚገድለው ሙቀቱ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። አበባ ሻጮች ዘንድ በብዛት የሚገኘው ፋላኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ነው። ለአዳቃዮች መነሻ ከሆኑት ዝርያዎች አንዱ፣ ፋላኖፕሲስ አማቢሊስ፣ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ባለው እርጥብ ደን ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ዛፉን አይመጥም፤ አፈርም አያውቅም። 30 ዲግሪ አያስጨንቀውም። የሚጎዳው ደረቅ አየር፣ የታፈነ ሥርና የቧንቧው ውሃ ነው።

ለመትከያ የሃይላንድ ጠርሙስ በግማሽ ቆርጠው ግርጌውንና ጎኑን በጋለ ምስማር ይብሱት። የሸክላ ማሰሮ ያምራል እንጂ ሥሩን አያሳይም። በአፈር ፈንታ ሁለት እጅ የዛፍ ቅርፊት ከአንድ እጅ ከሰል ጋር ይቀላቅሉ፤ ሁለቱንም ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይስበሩ። ከሰሉን ነፍተው ይጠቡት፤ ብናኙ ታች ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሲጫኑት የሚሟሽሽ ሥር ካለ እሳት ባየ መቀስ ቆርጠው ይትከሉት።

ዋናው ጣጣ ውሃው ነው። ጤነኛ ሥር ሲጠማ ብርማ ነጭ፣ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ "በሳምንት አንዴ" የሚለውን ምክር ይተዉትና ሥሩን ይዩ፤ ሲነጣ ጠዋት ላይ ዕቃውን ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ነክረው በደንብ ያንጠፍጥፉት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ኖራ ሥሩም ላይ ይጋገራል። የዝናብ ውሃን የሚያህል የለም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ በጀሪካን አጠራቅመው ይክደኑት። ካለቀ የቧንቧውን አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ዝቃጩን ትተው ከላይ ያለውን ይጠቀሙ፤ ኖራው በከፊል ይቀንሳል። ቅጠሎቹ መሃል የቀረ ውሃ ካለ ወዲያው በሶፍት ያድርቁ። ተክሉ የሚያድገው ከዚያች አንዲት ጫፍ ስለሆነ እሷ ከበሰበሰች ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

የጠዋት ፀሐይ በስስ መጋረጃ በኩል ይበቃዋል። ቅጠሉ ሲዳስሱት ከሞቀ ያርቁት። አየሩ እንዳይደርቅበት ጠጠርና ውሃ ያለበት ሰፊ ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ የዕቃው ግርጌ ግን ውሃውን አይንካ። ቬንትሌተር በቀጥታ ከነፈሰበት እንቡጡ ይረግፋል።

ቅጠል ብቻ እያወጣ ካስቸገረ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱ አልቀዘቀዘለትም ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ክፍት መስኮት አጠገብ ያሳድሩት፤ የአበባው ዘንግ ከቅጠሎቹ ሥር ብቅ ይላል። ሐረር ላይ ጣጣው ተቃራኒ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ሌሊት ከመስኮት ያርቁት፣ ሥሩም ቶሎ ስለማይደርቅ ሳይነጣ ውሃ አይስጡት።