አኒሜሽን ልትማሩ ነው? መጀመሪያ ኪሳችሁ ውስጥ ደብተር

አዲስ አበባ ያለው አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ሥዕል ለመማርም ሆነ ውጭ ሄዳችሁ አኒሜሽን ለማጥናት ያሰባችሁ፣ ሶፍትዌሩ አያስጨንቃችሁ፤ ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር እንደሆነ በነፃ ነው የሚወርደው። ጊዜ የሚፈልገው እጅ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ከፊታችሁ ያለውን ሰው በ30 ሰከንድ ሣሉት። ፊቱን ተዉት። ክብደቱ የትኛው እግሩ ላይ እንዳረፈ፣ ዘንቢል የያዘችው እናት ትከሻዋ በየት በኩል እንደወረደ፣ ወገቧ ሚዛን ለመጠበቅ ወዴት እንደሄደ ብቻ ያዙ። በ1 ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለ፤ በእጅ ሲሣል ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለ2 ፍሬም ስለሚቆይ 12 ሥዕል ይበቃል፣ ግን ክብደቱ ከሌለ ገጸ ባሕርይው መሬት አይረግጥም፣ ይንሳፈፋል። ትምህርት ቤቶቹ ሥራችሁን አሳዩን ሲሏችሁ ያንን ደብተር ከነእድፉ ይዛችሁ ሂዱ።