ባለ ሸራ ጀልባን ለአዲስ የባሕር ማዶ ጉዞ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ለወራት ከውኃ ወጥቶ የከረመን ባለ ሸራ ጀልባ ለረጅም ጉዞ ማሰናዳት በአብዛኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጀልባው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ብቻ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ውኃ ላይ ከወረደ በኋላም ሊደርስ የሚችል አለ። እንጨት መወልወልና ትራስ ማልበስ ደስ የሚል ሥራ ቢሆንም ከሁለተኛው ወገን ስለሆነ ይቆይ፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ውኃ ሊያስገባ የሚችለው ክፍል ነው።

1. ከውኃ መስመር በታች

የጀልባውን አካል ዘልቀው የሚወጡትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይመርምሩ። እያንዳንዱን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ዘግተው መልሰው ይክፈቱ፤ የሚያስቸግር ካለ በኃይል ከመታገል ይልቅ ነቅሎ መጠገን ወይም መቀየር ይሻላል። ዕቃው ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ከሆነ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አድርገው ቀለሙን ይመልከቱ፤ ቢጫ ሆኖ ካበራ ደኅና ነው፤ ወደ ሮዝ ያደላ ከሆነ ግን ዚንኩ በጨው ውኃ ተበልቶ የቀረው የተቦረቦረ መዳብ ስለሆነ በአንድ ምት ሊሰበር ይችላል። የጎማ ቱቦዎቹ ማሰሪያዎች እንዳልዛጉ ካረጋገጡ በኋላ ከየቫልቩ ጎን በልኩ የተቀረጸ የእንጨት ውታፍ በገመድ አስረው ያንጠልጥሉ። ቱቦ በሌሊት ሲፈነዳ ውታፍ ፍለጋ ሣጥን መበርበር አይቻልም።

በብረቱ ፈንታ እየተበሉ እሱን ለማዳን የሚታሰሩት ቁርጥራጮች ለጨው ውኃ ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም፣ ለጨው አልባ ውኃ ደግሞ ከማግኒዥየም ይሠራሉ። ግማሽ ያህላቸው ካለቀ ይቀየራሉ። ወቅቱን ሙሉ ባሕር ላይ ቆይቶ ምንም ያልተበላ ቁርጥራጭ ሊያስደስት አይገባም፤ ከሚጠብቀው ብረት ጋር በኤሌክትሪክ አልተገናኘም ማለት ሊሆን ይችላል። አልጌና ዛጎል እንዳይለጠፍ የሚቀባው ቀለም በእነዚህ ቁርጥራጮች ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ መዳብ ያለበት ቀለም ደግሞ በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ብረቱን ስለሚበላ ለዚያ የሚስማማውን ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። የአሮጌው ቀለም አቧራ መርዛማ በመሆኑ ሲፋቅ ውኃ እያርከፈከፉና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ይሥሩ።

2. ምሰሶ፣ ገመድና ሸራ

ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የሽቦ ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ከጫፍ መያዣቸው ጋር በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ቀጭን የጥጥ ጨርቅ በገመዱ ላይ ሲጎተት ክሩ ከተያዘ አንዲት ሽቦ ተበጥሳለች፤ እንዲህ ያለው ገመድ መቀየር አለበት። ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ከማይዝግ ብረት የተሠራ የሽቦ ገመድ 10 ዓመት ገደማ ሲሞላው እንዲቀየር ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ውሉን ማንበብ ይጠቅማል። ሸራ በብዛት የሚፈታው ስፌቱ በፀሐይ ሲደርቅ ነው፤ ክሩን በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ከተበጠሰ ሸራው ሰፊ ዘንድ ይሂድ።

3. ሞተርና ባትሪ

ዘይቱንና የነዳጅ ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ ከናፍጣው ታንከር ሥር የተጠራቀመውን ውኃና ዝቃጭ ያውጡ። የባሕር ውኃ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የጎማ ኢምፔለር ሲያወጡ ክንፎቹን ይቁጠሩ። የጎደለ ካለ ቁራጩ ወደ ማቀዝቀዣው ገብቶ መተላለፊያ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳያገኙት አዲሱን አይግጠሙ። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት።

4. የደኅንነት ዕቃዎች

የነፍስ አድን ጀልባው የምርመራ ቀን፣ የምልክት ርችቶቹ ማብቂያ ቀንና በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የአደጋ ጊዜ አስተላላፊ ባትሪና ምዝገባ ይታዩ። በራሱ የሚነፋ የሕይወት አድን ጃኬት የጋዝ ሲሊንደር ተፈትቶ ይመዘናል፤ ሊኖረው የሚገባው ክብደት በላዩ ተጽፏል። የማብሰያው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ከወለሉ ሥር ይተኛል፤ ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ።

5. ሰነድ

የጀልባው ምዝገባ፣ የሚሄዱበትን ባሕር የሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ የራዲዮ ፈቃድና የካፒቴኑ የብቃት ማረጋገጫ ሳምንታት ሊወስዱ ስለሚችሉ ሌላው ሥራ እየተሠራ ጎን ለጎን ይጀመሩ። በሸንገን አገሮች የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ጎብኚ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ የጀልባው ጊዜ ግን ለብቻው የሚቆጠር ሲሆን ከኅብረቱ ውጭ የተመዘገበና ባለቤቱም በዚያ የማይኖር ጀልባ በጊዜያዊነት እስከ 18 ወር ቀረጥ ሳይከፍል መቆየት ይችላል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ከባንዲራዎች መካከል ቢጫው አዲስ አገር ሲገባ ፈቃድ እስኪገኝ፣ የአስተናጋጁ አገር ባንዲራ ደግሞ ከዚያ በኋላ በምሰሶው ቀኝ በኩል ይሰቀላል።

6. ወደ ውኃ ማውረድ

ጀልባው ገና በማንሻው ቀበቶ ላይ ሳለ ወደ ውስጥ ገብተው ቫልቮቹንና የፕሮፔለሩን ዘንግ መውጫ ይመልከቱ፤ የሚያፈስ ካለ ወዲያው መልሶ ማንሳት ይቻላል። ከዚያ አንድ ቀን ከወደቡ ሳይርቁ በመካከለኛ ነፋስ በሸራ ይጓዙ፤ ከነፋሱ በተቃራኒ ወገን ያሉት የምሰሶ ገመዶች ከልክ በላይ ከላሉ ውጥረቱ ይስተካከል፤ በማግስቱም የወለሉ ሥር ደረቅ መሆኑን አይተው ስንቅ መጫን ይጀምሩ።