ድሬዳዋ ላይ ታማኝ የሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ላይ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ሰው ሠራተኛ ሲጎድልበት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደውለው ለደላላ ነው። ደላላ ሰው ቶሎ ያመጣል። ያመጣው ሰው የቀኑን ሽያጭ ይዞ ቢጠፋ ግን ስልኩን አያነሳም። ኤጀንሲ ከደላላ የሚለየው ለላከው ሰው ኃላፊነት ከወሰደ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ የሚፈልጉትን ሠራተኛ በወረቀት ያስፍሩ። ከዚራ ሰፈር ላለ ካፌ ካሸር ከሆነ የሚፈልጉት፣ “ታማኝ ልጅ” ብሎ ማለፍ አይበቃም። ደንበኛው አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም ይናገራልና ከሦስቱ የትኞቹን መቻል እንዳለባት፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ደመወዙንና የዕረፍት ቀኗን ይጻፉ። ሙቀቱንም አይርሱ፤ ከደጋ መጥቶ ግንቦት ላይ ልብሱን ጠቅልሎ የሚሄድ አለ። ኤጀንሲው ወረቀቱን አንብቦ መልሶ እርስዎን ከጠየቀ ጥሩ ምልክት ነው። ሳያነብ “አለን፣ ነገ እንልካለን” ካለ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ቀጥሎ ፈቃዱን ይዩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀረብ ብለው ያንብቡ፦ ሠራተኛ ለማገናኘት የተሰጠ ነው? ታድሷል? ሰው ወደ ውጭ አገር መላክ በራሱ አዋጅ የሚመራ ሌላ ሥራ ነው፤ ሁለቱን አያምታቱ። ከተጠራጠሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደያዘው የአስተዳደሩ ቢሮ ሄደው ስሙን ያስጣሩ።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ኤጀንሲው ገንዘብ የሚቀበለው ከማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገናኝ ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ይለዋል። ከፋዩ አሠሪው ነው ማለት ነው። ሆኖም “የፎርም”፣ “የመመዝገቢያ” ወይም የመጀመሪያው ደመወዝ ግማሽ እየተባለ ከሥራ ፈላጊው የሚወሰድበት ጊዜ አለ። እኔ ራሴ የቀጠርኳት አንዲት ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ብድር ጠየቀችኝ። ምን ሆነሽ ስላት፣ ለላካት ኤጀንሲ ዕዳ እንዳለባት እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔንም ያስከፈሉኝ እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ሁለት ወር ሳይሞላት ለቀቀች። ከሠራተኛ የሚወስድ ኤጀንሲ ሰው ቶሎ ቶሎ ሥራ ቢለቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ የሚልክልዎትም ለቦታው የሚሆነውን ሳይሆን የከፈለውን ነው። ስለዚህ ኤጀንሲውን በግልጽ ይጠይቁ፤ ለቃለ መጠይቅ የመጣውንም ሰው ለብቻው፣ ሳያስፈሩት ይጠይቁት።

ጥበቃ ወይም ጽዳት ከሆነ የሚፈልጉት፣ ቀጣሪው ማን እንደሚሆን ይለዩ። አንዳንዱ ኤጀንሲ አገናኝቶ ይወጣል፤ ውሉ በእርስዎና በሠራተኛው መካከል ይሆናል። ሌላው ራሱ ቀጥሮ ያሰማራል። በሁለተኛው መንገድ ከሄዱ፣ እርስዎ ከሚከፍሉት ለሠራተኛው ስንት እንደሚደርስ ይጠይቁ። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ሌሊት በርዎን የሚጠብቀው ሰው የተከፋ ሰው ነው።

ኤጀንሲው ተያዥ አለ ካለ ለተያዡ ራስዎ ይደውሉ፣ ቢቻል በአካል ያግኙት። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም የጻፈው ድርጅት ዘንድ ያረጋግጡ። እዚህ ከተማ ከሳቢያን ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ይበቃል።

አሁን ወደ ውሉ። ክፍያው፣ ደረሰኙ፣ ሠራተኛው ቢለቅ በስንት ቀን ምትክ እንደሚመጣ ይጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ያህል ነው። የኤጀንሲው የምትክ ዋስትና አንድ ወር ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ ገና እየሞከሩ እሱ ከኃላፊነት ይወጣል። ዋስትናው ከሙከራው ጊዜ ጋር እኩል እንዲሆን ይደራደሩ። የቤት ሠራተኛ ከሆነች ይህ አዋጅ አይሸፍናትምና የሥራ ሰዓቷን፣ ዕረፍቷንና ደመወዟን ከእሷም ጋር በጽሑፍ ይስማሙ።

ከመፈረምዎ በፊት ከኤጀንሲው የወሰዱ ሁለት ሦስት አሠሪዎችን ስም ይጠይቁ። እዚያ ሲሄዱ ባለቤቱን ብቻ አናግረው አይመለሱ። በዚያው ኤጀንሲ ገብቶ ዓመት የቆየውን ሠራተኛ ፈልገው፣ ለመግባት ከኪሱ ምን እንዳወጣ ይጠይቁት።